ሊኑክስ ለጀማሪ፦ ዊንዶውስሽን ሳታጠፊ ጀምሪ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አዳማ ነው። አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ማስተርሴን እማራለሁ። ላፕቶፔ ኤችፒ ነው፤ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጀነሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። አሁን ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ዊንዶውስ 11 አይቀበልም ተባልኩ። የቢሮ ባልደረባዬ ‹ሊኑክስ ጫኚበትና ተገላገይ› አለኝ። እኔ ስለ ሊኑክስ ምንም አላውቅም። በአማርኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ለድርጅቱ ሒሳብ ፒችትሪ የሚባለውን ፕሮግራም እጠቀማለሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፌም እዚያው ነው ያለው። ከየት ልጀምር? አንቲቫይረስስ ያስፈልገዋል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ «አንቺ» ልበልሽና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ባልደረባሽ ግማሹን ልክ ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ ግን ነፃ የሆነ ሲስተም ነው፤ ለዚያ ላፕቶፕ ይስማማዋል። «ተገላገይ» ያለው ላይ ግን አልስማማም። ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ እንጀራሽ ደግሞ እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱን አታጥፊ። ሊኑክስን ከጎኑ አስገቢው፣ ሥራሽን አንድ በአንድ አሻግሪ፣ የማይሻገረውን እዚያው ተዪው።

ይህን አስቀድሜ የምልሽ በምክንያት ነው። ሊኑክስ ጭኖ በሳምንቱ የሚያስጠፋ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው የሚሸሸው ጥቁሩ መስኮት ላይ ትዕዛዝ መጻፍ ከብዶት አይደለም። ሰኞ ጠዋት አለቃው ደብዳቤ አምጣ ሲለው የአማርኛ ፊደሉ አልመጣ ይላል። ወይም ለዓመታት የለመደው አንድ ሶፍትዌር የለም ይባላል። በቃ፣ «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ ፎርማት ያስደርገዋል። አንቺም ዛሬ ማታ ማሰብ ያለብሽ ስለ ሊኑክስ ሳይሆን ስለ ራስሽ ሥራ ነው። በላፕቶፕሽ በየሳምንቱ የምትሠሪውን ነገር ወረቀት ላይ ጻፊው። ከጥያቄሽ እንደማየው አራት ነገር ነው፦ የአማርኛ ደብዳቤ፣ ፒችትሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እና ሁላችንም የምናደርገው ኢንተርኔትና ቴሌግራም። የመጨረሻው ምንም አያሳስብሽ። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ቴሌግራም፣ ቪኤልሲ ሁሉም ሊኑክስ ላይ አሉ። ጭንቁ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ስለ ዊንዶውስ 10 የሰማሽው እውነት ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ለግል ተጠቃሚዎች በፈረንጆቹ እስከ ኦክቶበር 2026 የሚደርስ የአንድ ዓመት የደኅንነት ማራዘሚያ ተሰጥቷል፤ እሱም መመዝገብ ይጠይቃል። ድጋፍ ቆመ ማለት ላፕቶፑ ነገ አልነሳም ይላል ማለት አይደለም። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንልሽ የለም ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ባጠቃላይ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው፤ ያንቺ 6ኛ ነው። በጓሮ በር የሚጭኑልሽ ልጆች አይጠፉም። መጫኑስ ይጫናል። በ4 ጊጋ ራም ግን አንድ ፋይል ከፍተሽ ቡና አፍልተሽ ትመለሻለሽ።

ሊኑክስ ምንድን ነው ለሚለው ብዙ አላረዝምብሽም። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፈረንጆቹ 1991 የጀመረው ነው፤ እኛ አገር ደርግ የወደቀበት ዓመት። እሱ የጻፈው ከርነሉን ነው፤ ፕሮግራሞችን ከማሽኑ አካላት ጋር የሚያገናኘውን እምብርት። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ውስጡ ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው። ሳታውቂው ስትጠቀሚበት ኖረሻል። በዚህ ከርነል ላይ ዴስክቶፕና ፕሮግራሞች ጨምረው፣ ለጭነት አሰናድተው በነፃ የሚያቀርቡ ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ቡድን የሚያወጣው ዲስትሮ ይባላል። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ሚንት ሁሉም ዲስትሮ ናቸው።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ይሻላል እያለ ወር ሙሉ ቪዲዮ ያያል። እኔ ልምረጥልሽ፦ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው እትም። ሚንት ሦስት እትም አለው፤ ሲናመን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። የመጨረሻው ቀላሉ ነው፣ ለ4 ጊጋ ራም የሚስማማውም እሱ ነው። ሜኑው ከታች በግራ በኩል ነው፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው፤ ዊንዶውስ 7 ያየ ዓይን አይደናገርም። 22 በሚል ቁጥር የሚጀምሩት የሚንት እትሞች በፈረንጆቹ እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛሉ። ኡቡንቱም ጥሩ ነው፤ ዋናው ዴስክቶፑ ግን ለማሽንሽ ከበድ ይላል። ካሊ ጫኚ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ካሊ የደኅንነት ፈታሾች መሣሪያ ነው፤ ደብዳቤ የሚጻፍበት ቤት አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ደስ አይለኝም። ላፕቶፕሽን ከሁሉ በላይ የሚያንቀራፍፈው ያ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። አቅሙ ካለሽ በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ አስቀይሪው። ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ለውጡን የምታዪው ገና ሲነሳ ነው። ስታስቀይሪ «ዊንዶውሱን ከነፒችትሪው እንዳለ ገልብጡልኝ» በያቸው፤ ካልነገርሻቸው አዲስ ዊንዶውስ ጭነው ይሰጡሻል። አሮጌውን ዲስክም ይዘሽው ውጪ፤ ኬዝ ገዝተሽለት ባክአፕ ማስቀመጫ ይሆንሻል። አቅሙ ከሌለሽም ችግር የለም፣ ባለው እንቀጥል።

አሁን ወደ ሥራው። የሚያስፈልግሽ ባዶ 8 ጊጋ ፍላሽ እና 3 ጊጋ የሚጠጋ ዳታ ነው። የሚንትን ፋይል ከራሱ ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ አውርጂ። በየቴሌግራም ቻናሉ የሚለጠፈውን አትንኪ፤ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። የቢሮ ዋይፋይ ካለሽ እሱን፣ ከሌለሽ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ ተኝተሽ አውርጂው። ዊንዶውስሽ ላይ አይዲኤም የሚባለው የማውረጃ ፕሮግራም ካለ በእሱ አድርጊው፤ መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ሩፉስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አውርደሽ ፋይሉን ወደ ፍላሹ ጻፊው። ፋይሉን ኮፒ ፔስት ማድረግ አይሠራም፤ በሩፉስ ነው መጻፍ ያለበት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሺ።

ፍላሹን ሰክተሽ ላፕቶፑን አጥፊና እንደገና አብሪው። ኤችፒ ላይ ገና ሲበራ ኢስኬፕ ቁልፉን ደጋግመሽ መታ መታ አድርጊ። ሜኑ ሲመጣ ኤፍ 9 ተጫኚና ፍላሹን ምረጪ። ለሌሎች አንባቢዎች፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12 ነው። ትንሽ ከጠበቅሽ የሚንት ዴስክቶፕ ይመጣል። ልብ በይ፣ እስካሁን ምንም አልጫንሽም። ከፍላሹ ነው የሚሠራው፤ ዲስክሽ አልተነካም። አጥፍተሽ ፍላሹን ብትነቅይ ዊንዶውስሽ እንደነበረ ይነሳል። ከፍላሽ ስለሆነ ዘገምተኛ ነው፣ በዚያ አትፍረጂበት።

ይህን ሙከራ አትዝለዪው። ለመጫን አትቸኩዪ፣ አንድ ማታ ሙሉ ስጪው። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፅ ይሰማል? የስክሪኑ ብርሃን በቁልፉ ከፍ ዝቅ ይላል? ካሜራው ይሠራል? ክዳኑን ዘግተሽ ስትከፍቺው ይነቃል? የቢሮውን ፕሪንተር አምጥተሽ መሰካት ከቻልሽ ሰኪው። አንዱን የአማርኛ ደብዳቤሽንና የመመረቂያ ጽሑፍሽን ቅጂ ከፍተሽ እዪ። በዚህ ሁኔታ ያስቀመጥሽው ነገር ስታጠፊው አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ አዲስ ነገር አትጻፊበት።

ዋይፋዩ ካልታየ ተስፋ አትቁረጪ። አንዳንድ ማሽኖች ላይ፣ በተለይ የብሮድኮም ካርድ ያለባቸው ላይ፣ ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መላው ስልክሽ ነው። ስልክሽን በቻርጅ ኬብሉ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው፣ ከስልኩ የሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብሪ። ሊኑክስ ወዲያው እንደ ገመድ ኢንተርኔት ያየዋል፣ ምንም አይጠይቅሽም። ከተጫነ በኋላ ድራይቨር ማናጀር የሚለውን ከፍተሽ የሚያቀርብልሽን ትጭኛለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ዋይፋይሽ ራሱን ይችላል።

ሙከራው ካረካሽ ወደ ጭነቱ። ከዚያ በፊት ግን ዊንዶውስ ውስጥ ተመልሰሽ ሦስት ነገር አድርጊ። አንደኛው ባክአፕ ነው። የፒችትሪውን ዳታ ከራሱ ከፒችትሪ የባክአፕ ትዕዛዝ አውጪ፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽንና ደብዳቤዎቹን ደግሞ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ቅጂ። ሁለተኛው ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን ከፓወር ሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ነው። እሱ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ጠፋ ሲባል በትክክል አይጠፋም፤ ግማሽ ተኝቶ ነው የሚቀረው። ሊኑክስም የዊንዶውሱን ክፍል ለማጥበብ እምቢ ይላል። ሦስተኛው፣ ዲስክሽ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን እዪ። ተቆልፎ ከሆነ ወይ ክፈቺው ወይ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጪው። ይህን ሳያዩ የጀመሩ ሰዎች ዊንዶውሳቸው 48 አኃዝ ሲጠይቃቸው ነው የሚደነግጡት።

ስለ መብራትም እናውራ። የዲስክ ክፍፍል እየተሠራ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ነገሩ ይበላሻል፤ ዊንዶውሱም ሊኑክሱም ላይነሱ ይችላሉ። የዚያ ዘመን ላፕቶፖች ባትሪ ደግሞ አብዛኛው ሞቷል። ያንቺ ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ዩፒኤስ ባለበት፣ ቢሮ ሆነሽ ጫኚው። ባትሪው ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ሞልተሽው፣ ቻርጀሩንም ሰክተሽ ጀምሪ።

ጭነቱ ራሱ ቀላል ነው። ከፍላሹ ከተነሳው ዴስክቶፕ ላይ የሚንት መጫኛውን ምልክት ሁለቴ ትጫኛለሽ። ቋንቋና ኪቦርድ ይጠይቅሻል፤ እንግሊዝኛ በይው። ከዚያ ወሳኙ ገጽ ይመጣል። አንዱ ምርጫ «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚል ነው፤ ያንቺ እሱ ነው። ሌላው «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» ይላል። ይህን አትንኪው፤ ባልደረባሽ «ተገላገይ» ያለው ይሄንን ነው። የመጀመሪያውን ስትመርጪ ዲስኩን ለሁለት የተከፈለ ሳጥን አድርጎ ያሳይሻል። መሃሉን በማውስ ጎትተሽ ለሊኑክስ 100 ጊጋ ያህል ስጪው። ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የሰዓት ቀጠና ይጠይቅሻል፤ አዲስ አበባን ምረጪ። የይለፍ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጊው፣ አንዴ የአማርኛ ኪቦርድ ከገባ በኋላ እንዳትደናበሪ። ይህን ቃል ሶፍትዌር በጫንሽ ቁጥር ይጠይቅሻል፤ ረሳሁት ማለት የለም።

ሲያልቅ ፍላሹን ነቅለሽ ታስነሺዋለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ላፕቶፑ ሲበራ ጥቁር ገጽ ላይ ሚንትና ዊንዶውስ ተዘርዝረው ታያለሽ። በቀስት ቁልፍ ትመርጫለሽ። ዝም ካልሽው ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ራሱ ወደ ሚንት ይገባል።

አንድ የሚያስደነግጥሽ ነገር ልንገርሽ። ወደ ዊንዶውስ ተመልሰሽ ስትገቢ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ልታገኚው ትችያለሽ። ላፕቶፕሽ አልተበላሸም። ሊኑክስ የማሽኑን የውስጥ ሰዓት የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ያነበዋል። እኛ ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ ልክ ሦስት ይሆናል። ላንቺ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት አካባቢ የመዘገብሽው ሒሳብ በትናንትና ቀን ሊገባ ይችላል። ሚንት ላይ ተርሚናል የሚባለውን፣ ያንን ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ ከፍተሽ «timedatectl set-local-rtc 1» የሚለውን እንዳለ ጽፈሽ ኢንተር በይ። ሊኑክስ ለዊንዶውስ እጁን ይሰጣል፣ ሁለቱ ይስማማሉ።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። ልምድሽ የሚፈተነው እዚህ ነው።

ፊደሉን ለማየት ምንም አያስፈልግሽም ማለት ይቻላል፤ ድረ ገጽና ቴሌግራም ላይ አማርኛው ይነበባል። ለጽሑፍ ግን ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ ገብተሽ አቢሲኒካ የሚለውን ፎንት ፈልገሽ ጫኚ፤ ለወረቀት የሚያምር ፊደል ነው። ለመጻፍ ደግሞ «አይባስ-ኤም17ኤን» (ibus-m17n) የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከዚያው ጫኚ፤ ከአካውንትሽ ወጥተሽ ግቢ። የአይባስን ማስተካከያ ክፈቺ፣ አማርኛን ፈልጊ፣ ሥሩ ካሉት ውስጥ ሴራ የሚለውን ጨምሪ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምትቀያይሪው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ስፔስን አብረሽ በመጫን ነው።

ሴራ በድምፅ ነው የሚሠራው። ኤስ ስትጫኚ ስ ይሆናል፤ ኢ ስትጨምሪ ሰ ይሆናል። ዩ ካዕቡን፣ አይ ሣልሱን፣ ኤ ራብዑን፣ ኦ ሳብዑን ይሰጥሻል። ኃምሱ ላይ ነው ሰው የሚሰናከለው፤ ሴ ለመጻፍ ኢውን በሺፍት፣ ማለትም በትልቁ ነው የምትጫኚው። ትልቁ ቲ ጠ ነው፣ ትልቁ ሲ ጨ ነው፣ ትልቁ ኤን ኘ ነው። ኤክስ ደግሞ ሸ ነው። ፓወር ግዕዝ ለለመደ ጣት አንዳንዱ ቦታ ይቀያየራል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስትጽፊ ትናደጂያለሽ፤ ከዚያ ጣትሽ ራሱ ይሄዳል።

የከበደው አዲስ መጻፉ አይደለም፤ አሮጌዎቹ ሰነዶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቢሮው የተጻፈው ሁሉ ዩኒኮድ አልነበረም። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ውስጥ ውስጡን የላቲን ፊደል ኮድ ናቸው፤ ላዩ ላይ ብቻ የግዕዝ ቅርጽ ለብሰዋል። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ስትከፍቺው ገጹ ሙሉ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። ያኔ «ሊኑክስ ደብዳቤዬን አበላሸው» ትያለሽ። ሊኑክስ ምንም አላደረገም፤ ፎንቱ የሌለው ሌላ ዊንዶውስ ላይም ያው ነበር የሚሆነው።

የቱ ሰነድ የቱ ዓይነት እንደሆነ እንዲህ ለዪ። ዊንዶውስ ላይ ደብዳቤውን ክፈቺ፣ አንድ መስመር ኮፒ አድርጊ፣ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፣ ሊኑክስም ላይ ያለ ችግር ይከፈታል። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ከመጣ የድሮው ነው። የድሮዎቹን ሁሉንም ለመለወጥ አትድከሚ። ለመዝገብ ብቻ የሚቀመጡትን ዊንዶውስ ላይ ሆነሽ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው፣ የትም ይነበባሉ። በየወሩ እያሻሻልሽ የምትልኪያቸውን፣ እንደ ክፍያ መጠየቂያና የፈቃድ ደብዳቤ ያሉትን፣ አንዴ በዩኒኮድ እንደ አዲስ ጻፊያቸው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ከቀየርሽ በኋላ ግን በተለይ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥቡን መስመር በመስመር ማየት ግዴታሽ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍሽ ዎርድ ላይ ነው ብዬ ልገምት። ሚንት ሊብሬኦፊስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ በዎርድ ዓይነትም ያስቀምጣል። ስታስቀምጪ የቱ ዓይነት ይሁን ብሎ ሲጠይቅሽ የዎርዱን ምረጪ። የተጻፈው ነገር አይጠፋም፤ የሚንቀሳቀሰው አቀማመጡ ነው። ታይምስ ኒው ሮማን ማሽኑ ላይ ስለሌለ ስፋቱ ተመሳሳይ በሆነ ሌላ ፎንት ይተካዋል። የማይክሮሶፍትን መሠረታዊ ፎንቶች ከሶፍትዌር ማናጀር መጫንም ይቻላል። ሠንጠረዥና የገጽ ቁጥር ግን አንዳንዴ ይሸሻል። ስለዚህ ለአማካሪሽ ረቂቅ ስትልኪ ሊብሬኦፊስ ይበቃል፤ ለመጨረሻው ጥራዝ ግን ዎርድ ላይ ከፍተሽ፣ ማውጫውንና የገጽ ቁጥሩን አስተካክለሽ፣ ፒዲኤፍ አውጥተሽ ብቻ ወደ ማተሚያ ቤት ሂጂ። መመረቂያሽ አንድ ወር ከቀረው ደግሞ ምንም አትቀይሪ። ተመርቀሽ ጀምሪው።

ፒችትሪን በተመለከተ ዋይን የሚባል ነገር ይነግሩሻል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ለማስነሳት የሚሞክር ነው። ለአንዳንድ ፕሮግራም ጥሩ ነው። ፒችትሪ ግን ከጀርባው የራሱ ዳታቤዝ አለው፤ መስኮቱ ቢከፈት እንኳ የድርጅት ሒሳብ በሙከራ ላይ አይቀመጥም። ዊንዶውስን ሊኑክስ ውስጥ እንደ ፕሮግራም ማስነሳትም ይቻላል፤ በ4 ጊጋ ራም ግን ሁለቱም ይተናነቃሉ። ፒችትሪ ሲያስፈልግሽ ዊንዶውሱን አስነሺ፣ ሥራሽን ሠርተሽ ባክአፕ አድርገሽ ውጪ። ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ማውረድ የሚባለውን ሁሉ ወደ ሚንት አዙሪ። ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ከራቀ ድጋፉ መቆሙም ያን ያህል አይጎዳሽም።

ከጫንሽ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚለወጥብሽ ትልቁ ልማድ ሶፍትዌር ማግኘት ነው። ጉግል ላይ ፈልጎ፣ አውርዶ፣ ኔክስት ኔክስት ማለት ቀርቷል። ኤግዚ ፋይል እዚህ አይሠራም። ሶፍትዌር ማናጀርን ትከፍቻለሽ፣ ስሙን ትጽፊያለሽ፣ ጫን ትያለሽ። ክራክ የለ፣ አክቲቬተር የለ። ከዚያ በፊት ግን ታይምሺፍት የሚባለውን ከፍተሽ የሲስተሙን ቅጂ እንዲይዝ አድርጊ፤ ነገር ቢበላሽ ወደዚያ ቀን ይመልስሻል። የሚመልሰው ሲስተሙን ነው፣ ያንቺን ፋይሎች አይደለም። ከታች በቀኝ በኩል ጋሻ የምትመስል ምልክት አለች፤ ማሻሻያ ሲኖር ትነግርሻለች። የመጀመሪያው ማሻሻያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ስለሚሆን ለሌሊት ፓኬጅ አቆዪው።

ሲ ድራይቭ፣ ዲ ድራይቭ ብለሽ አትፈልጊ፤ የሉም። ያንቺ ነገር ሁሉ ሆም የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። የዊንዶውሱ ክፍል ፋይል ማናጀሩ ውስጥ በግራ በኩል ይታያል፣ ከፍተሽ ፋይል መቅዳት ትችያለሽ።

ስለ ተርሚናል አትፍሪ፣ አትድፈሪም። ለወራት ሳትከፍቺው መኖር ትችያለሽ። ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ስትፈልጊ ግን አንድ መስመር ትዕዛዝ ይሰጡሽና «ለጥፊው» ይሉሻል። ምን እንደሚያደርግ ካልገባሽ አትለጥፊ። በተለይ በሱዶ የሚጀምር ከሆነ ሙሉ ሥልጣን እየሰጠሽው ነው። አርኤም የሚል ያለበት ደግሞ ይሰርዛል፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባልሽም፣ ይጠፋል።

የመጨረሻው ጥያቄሽ አንቲቫይረስ ነበር። ለዕለት ሥራ አያስፈልግሽም። ቫይረስ ሊኑክስ ላይ ጭራሽ የለም የሚልሽ ሰው ግን አጋኗል። አብዛኛው የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነና ሶፍትዌር የምትወስጂው ከአንድ ከታመነ ቦታ ስለሆነ ነው የማይነካሽ። በውሸት የባንክ ገጽ ላይ የይለፍ ቃልሽን ከጻፍሽ ሊኑክስም አያድንሽም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽው የመጣ ፍላሽ ላይ ግን ጥቅሙን ታዪዋለሽ። ያ ሁላችንንም ያንገላታ የሾርትከት ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት የምታዪው አንዲት ሾርትከት ብቻ ነው። እሷን ስትጫኚ ላፕቶፕሽም ይያዛል። ሚንት ላይ ክፈቺው። ቫይረሱ የደበቀው ፎልደር፣ ብዙ ጊዜ ስም የሌለው፣ በግልጽ ይታይሻል፤ ፋይሎችሽ ውስጡ ናቸው። አጠገቡ ሾርትከቷና ቪቢኤስ በሚል የሚያልቅ ፋይል ተቀምጠው ታገኛለሽ። እዚህ ሊነሱ አይችሉም። ፋይሎችሽን ወደ ሆም ቅጂ፣ ሜኑው ውስጥ ባለው ዩኤስቢ ስቲክ ፎርማተር ፍላሹን ፎርማት አድርጊው፣ ከዚያ ፋይሎችሽን መልሺ። ቅጂው ውስጥ ኤግዚ ወይም ቪቢኤስ የሆነ ነገር አብሮ እንዳይመለስ እዪ፤ አንቺን ባይነካሽ ፍላሹን የምታውሺውን ሰው ይነካል።